ጨው ያለው ድስት ውስጥ ነው

በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዳኛችን “ስለ ደም ግፊት ትንሽ ንገሪን” ሲሉኝ እሺ ያልኩት ነርስ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። በአባቴ ምክንያት ነው።

አባዬን ታውቁታላችሁ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እዚሁ ሰፈር ማታ ማታ ፊደል ያስቆጥር ነበር። እዚህ ከተቀመጣችሁት እናቶች መፈረም ከእሱ የተማራችሁ አላችሁ። ጋዜጣ ሳያነብ ቁርስ አይቀምስም ነበር።

አንድ ሰሞን ራሱን አመመውና ሊታይ ሄደ። ግፊቱ 170 በ100 ሆኖ ተገኘ። “ግፊት አለብህ፣ ጨው ቀንስ፣ ይህን ውሰድ” ተባለ። በቃ። ወረፋው ረጅም ነበር። በትንሽ ላስቲክ 30 ፍሬ አምሎዲፒን የሚባል የግፊት መድኃኒት ሰጡት። ላስቲኩ ላይ በእስክሪብቶ “1×1” ተጽፏል፣ በቀን አንድ ፍሬ ማለት ነው፤ ሌላ ነገር የለም።

አባዬ አንድም ቀን ሳያዛንፍ ዋጠ። 30ኛውን የዋጠ ዕለት ደወለልኝ። ያኔ የምሠራው ክፍለ ሀገር ነበር። “የራስ ምታቱን መድኃኒት ጨረስኩት፣ ተሽሎኛል” አለኝ። ድምፁ ደስ ይል ነበር። እኔም “ጎበዝ” አልኩት። ምን መድኃኒት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

በሰባተኛው ወር ግራ ጎኑ ከዳው። ስትሮክ ነው፤ ግፊት የአንጎልን ደም ሥር ሲጎዳ የሚመጣው። ድንኳኑን የተከላችሁት እናንተ ናችሁ፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ራስ ምታቱ ሲተወው በሽታውም የተወው መስሎታል። መድኃኒቱ እንደ ሳል መድኃኒት ተጨርሶ የሚተው እንዳልሆነ፣ በየጊዜው እየተለኩ የሚቀጥሉት እንደሆነ ማንም አልነገረውም። ስንቱን ፊደል ያስቆጠረ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግረው አጥቶ ሞተ!

ጨውስ? “ጨው ቀንስ” የተባለው ለአባዬ ነው። አባዬ በዕድሜው ድስት ጥዶ አያውቅም። በእኛ ቤት ደግሞ ገበታ ላይ ጨው የሚነሰንስ የለም። ጨው ያለው ድስት ውስጥ ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ይገባበታል፣ ሚጥሚጣውም አለው፣ ወጡ ሊወጣ ሲል እንደገና ይጨመራል። ያንን ምክር መስማት የነበረባት እናቴ ናት። እናቴ ግን በሩ ውጭ አግዳሚ ላይ ጋቢውን ይዛ ተቀምጣ ነበር። የሚጠራት አልነበረም። ለአንድ ሰው በቀን የሚበቃው ጨው በሁሉም ምግብ ውስጥ ያለው ተደምሮ ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው። ይህን የምትሰፍረው እሷ ነበረች!

ባልደረቦቼ “ሕዝቡ ምክር አይሰማም” ይላሉ። ይሰማል! 30 ቀን አንድ ፍሬ ሳያጎድል የዋጠ ሰው አይሰማም ይባላል? እኛ ነን ያልነገርነው። እኔም ስንቱን በሽተኛ በሁለት ደቂቃ ሸኝቻለሁ። እናንተም ሳይገባችሁ ከዚያ ክፍል አትውጡ። “እስከ መቼ ነው የምወስደው? ቁጥሬ ስንት ነው?” በሉ። ላይኛው 140 ወይም ታችኛው 90 ከደረሰ፣ በሌላ ቀንም ተለክቶ ያው ከሆነ ግፊት ነው።

ስለ ውፍረትም ላንሳ። “ወፈርክ፣ ተመችቶሃል” ማለት ምርቃት ሆኖብናል። ክብደት ሲጨምር ግፊትም ይጨምራል፣ ሲቀንስም ይቀንሳል። በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ገንዘብ አያስወጣም።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። እድራችን ሁለት ድንኳን አለው። ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው። ሁሉም ከሞትን በኋላ ነው የሚደርሱልን! በቁማችን የሚደርስልን አንድ የግፊት መለኪያ እንዴት ይጠፋል? ከመዋጮው ላይ ይገዛ።

እስከዚያው የራሴን ይዤ መጥቻለሁ። ቡና የጠጣችሁ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ሌሎቻችሁ ጀርባችሁን ደገፍ አድርጋችሁ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ባልና ሚስት አብራችሁ ኑ፤ ወጥ የሚሠራው ሰው ውጭ አይቀመጥም።

እማዬ፣ ነይ፣ ካንቺ እንጀምር። ክንድሽን ስጪኝ።