ለሞተ ሰው «አለሁ» የሚባልበት ግቢ

አዘጋጇ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቻችን። ዛሬ የምንነጋገረው እ.ኤ.አ. በ1876 ማስተማር ስለጀመረው ስለ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ነው። እስከ 1965 ድረስ ለአብዛኛው ወንድ ተማሪ የካዴት ኮር፣ ማለትም ወታደራዊ ሥልጠና የሚወስዱ ተማሪዎች ጓድ፣ አባል መሆን ግዴታ ስለነበረ፣ ሲቪሉ ተማሪ እጅግ በበዛበት በዛሬው ግቢም የጦር ሰፈሩ ቋንቋ አልጠፋም።

አዘጋጁ፦ እውነት ነው። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ገቢው «ፍሬሽ» እንደሚባለው ሁሉ፣ እዚያም የአንደኛ ዓመቱ ካዴት «ፊሽ»፣ ማለትም ዓሣ ይባላል። «ሃውዲ» የሚለው ሰላምታ መንገድ ላይ ለሚያገኙት እንግዳ ሳይቀር ይሰጣል። ነባሮቹ ያለፈውን ዘመን «ኦልድ አርሚ»፣ ማለትም የድሮው ጦር፣ እያሉ ሲያነሱት ደግሞ የአባቶቻችን «ድሮ ቀረ» ትዝ ይለኛል። ሬቬሊ የተባለችው የዩኒቨርሲቲው ምልክት የሆነችው ውሻ እንኳ ስሟ የማለዳው መቀስቀሻ ጡሩንባ ነው፤ በኮሩም ከፍተኛውን ማዕረግ የያዘችው እሷ ናት።

አዘጋጇ፦ ወንድሜ፣ እኔን ግን ከሁሉም በላይ የያዘኝ «መስተር» የሚሉት የስም ጥሪ ነው። በየዓመቱ ኤፕሪል 21፣ ቴክሳሶች በ1836 በሳን ሃሲንቶ ጦርነት ሜክሲኮን ድል ያደረጉበት ቀን፣ በዓመቱ ውስጥ ያረፉት የዩኒቨርሲቲው ልጆች ስማቸው አንድ በአንድ ይጠራል፤ ሟቹ መልስ ስለማይሰጥ ወዳጁ ወይም ዘመዱ «ሂር»፣ ማለትም አለሁ፣ ብሎ ይመልስለትና ሻማ ይበራል። በ1942 ጃፓኖች በፊሊፒንስ ያለችውን የኮሬጊዶርን ደሴት በመድፍ እየደበደቡ ሳለ፣ የዩኒቨርሲቲው ምሩቅ ጄኔራል ጆርጅ ሙር አብረውት የነበሩትን የትምህርት ቤቱን ልጆች ስም ዝርዝር ለዚሁ ቀን አዘጋጅቶ ነበር፤ ደሴቲቱም ሜይ 6 ቀን እጅ ሰጠች። መምህራችን ስም ሲጠሩ «አቤት» ወይም «አለሁ» እንል የነበርን ሰዎች ይህ ወግ አንጀታችንን ይበላዋል።

አዘጋጁ፦ «ሲልቨር ታፕስ»ም አለ። በትምህርት ላይ ያለ ተማሪ ሲሞት፣ በቀጣዩ ወር የመጀመሪያ ማክሰኞ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4፡30፣ የግቢው መብራት ደብዝዞ ተማሪዎች በዝምታ ይቆማሉ። ከጠመንጃው ተኩስ በኋላ የስንብቱ ጡሩንባ ወደ ሰሜን፣ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ይነፋል፤ ለዚያ ልጅ ፀሐይ ዳግም ስለማትወጣ ወደ ምሥራቅ አይነፋም።

አዘጋጇ፦ ወግ ሁሉ ግን በነበረበት ይቀጥል ማለት አይደለም። በኖቬምበር 1999 ለዓመታዊው ደመራ የተከመረው ግንድ ተንዶ 12 ሰዎች ሞተዋል፤ ዩኒቨርሲቲው ደመራውን ከግቢው ማስቀረቱ ተገቢ ነበር እላለሁ።

አዘጋጁ፦ እኔም እስማማለሁ፣ እህቴ። በዳላስና በሂዩስተን ያላችሁ ወላጆች ልጆቻችሁን ለመጠየቅ ወደዚያ ብትሄዱ፣ የተማሪዎች መታሰቢያ ማዕከል የተሠራው በጦርነት ለወደቁት ነውና ስትገቡ ባርኔጣችሁን አውልቁ፤ በዙሪያው ያለውን ሣርም አትርገጡ።