ፌስታል የታሰረበት ቅርንጫፍ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁም ስለ አንድ ፌስታል ነው።

ዝናቡ ጥሎ ባባራ ማግስት፣ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ከቆመው ዛፍ አንድ ቅጠላም ቅርንጫፍ መረጥኩና ደረቅ፣ ውስጡ የሚታይ ፌስታል አለበስኩት። አፉን በሲባጎ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ስምንት ሰዓት ገደማ ተመልሼ ሳየው የፌስታሉ ግርጌ ውኃ አቁሯል፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይሆናል። ጥቂት ቅጠሎች፣ አምስት ሰዓት። ቀና ብዬ የቀሩትን የዛፉን ቅጠሎች ለመቁጠር ሞከርኩ፤ ወዲያው ተውኩት።

ይህን ያደረግኩት በሙግት ምክንያት ነው። አንድ ወዳጄ «ዛፍ ውኃ ያመጣል እንጂ ውኃ አይጨርስም» ብሎ ድርቅ አለብኝ። የሚያናድደው፣ እኔም ለብዙ ዓመታት ይህንኑ ሳስተጋባ የኖርኩ ሰው መሆኔ ነው። ደን የውኃ እናት ነው ተብዬ ተማርኩ፤ የተባልኩትንም ለሌሎች አልኩ። ፌስታሉ ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅጠል በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። ምግቡን ለመሥራት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልገዋልና ቀዳዳዎቹን ይከፍታል፤ በከፈተ ቁጥር ግን ከውስጡ ውኃ ይተንበታል። ዛፍ ለምግቡ የሚከፍለው ዋጋ ውኃ ነው። ሥሩ ከመሬት ከሚስበው ውኃ ውስጥ ከ95 በመቶ በላዩ በቅጠሉ በኩል ወደ አየር ይሄዳል። በዚህ ላይ ቅጠልና ቅርንጫፍ ላይ አርፎ መሬት ሳይነካ ተንኖ የሚመለሰው ዝናብ አለ።

ይህን ለማረጋገጥ ተመራማሪዎች ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ አንድ ብልህ ዘዴ ይጠቀማሉ። ሁለት ጎረቤታም ትንንሽ ተፋሰሶችን ይመርጣሉ። የሁለቱንም ጅረት ለዓመታት ይለካሉ፤ ከዚያ የአንዱን ደን ይቆርጡና ሌላውን እንዳለ ይተዉታል። አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶ ላይ ዋገን ዊል ጋፕ በተባለ ቦታ መለካት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1910 ሲሆን፣ ደኑ የተቆረጠው በ1919 ነበር። የተቆረጠበት ተፋሰስ ጅረት ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1982 ቦሽ እና ሂውሌት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ 94 እንዲህ ዓይነት ሙከራዎችን አንድ ላይ መረመሩ። ውጤቱ በጥቅሉ ያው ሆነ፦ የደኑ ሽፋን ሲቀንስ ወደ ጅረቱ የሚወርደው የዓመቱ ውኃ ይጨምራል።

ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወጣሁ። የተታለልኩ መሰለኝ። በማግስቱ ግን አንድ ቃል ቆረቆረችኝ፤ «የዓመቱ» የምትለዋ።

በሁለት ቀን ደለል ይዞ እያጓራ የሚወርድ ጎርፍና ዘጠኝ ወር ሙሉ ከድንጋይ ሥር እየተንጠባጠበ የሚፈስ ምንጭ በዓመቱ ድምር ላይ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ለሚቀዳው ሰው ግን እኩል አይደሉም። እኔና ወዳጄ የተከራከርነው ስለ መጠን ነበር፤ መጨቃጨቅ የነበረብን ስለ ጊዜ ነው። ውኃው መቼ ይመጣል? በምን መንገድ?

እዚህ ላይ ከዛፉ ይልቅ የዛፉን እግር ሥር ማየት ያስፈልጋል። ሳይነካ የቆየ ደን መሬቱ ስፖንጅ ነው ይባላል። እኔ ይህን ምሳሌ አልወደውም፤ ስፖንጅ ሲጠግብ ያበቃለታል። ይልቅ መሬቱን እንደ ወንፊት አስቡት። የሞቱ ሥሮች ትተውት የሄዱት ቦይ፣ ትልና ምስጥ የቆፈሩት ጉድጓድ፣ የበሰበሰ ቅጠል ያላላው አፈር፤ ዝናቡ በእነዚህ በኩል ወደ ታች ይሰርጋል። በተራቆተና በተረገጠ መሬት ላይ ግን ጠብታው ራሱ አፈሩን እየመታ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ከዚያ ውኃው መሄጃ ያጣና አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል። የኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1997 ግዙፍ የውኃ ማጣሪያ ከመገንባት ይልቅ ውኃዋ የሚመነጭበትን የካትስኪል ተራራማ አካባቢ ለመጠበቅ ስምምነት የፈረመችው በአካባቢው ፍቅር ተነድታ አልነበረም። ስሌቱ ስለሚያዋጣት ነው።

ስለዚህ ዛፍ በአንድ እጁ ይወስዳል፣ በሌላው መሬቱን ከፍቶ ያስገባል። የቱ ያመዝናል? በምዕራብ አፍሪካ፣ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ሳፖኔ በተባለ ስፍራ ዛፎች ተራርቀው በቆሙበት የእርሻ መሬት ላይ የተሠራ ጥናት አለ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የረዳኝ እሱ ነው። ዛፍ በሌለበት ዝናቡ በደንብ አይሰርግም። ዛፍ በበዛበት የሰረገውን ዛፎቹ ይጠጡታል። የከርሰ ምድር ውኃ በብዛት የሚሞላው በመካከለኛው ላይ፣ ዛፎቹ መሬቱን ለማላላት በቂ፣ ውኃውን ለመጨረስ ግን ጥቂት በሆኑበት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ «ስንት ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ» የሚል ዜና ስሰማ ጆሮዬ የሚፈልገው ቁጥሩን አይደለም። የት? ምን ዓይነት ዛፍ? ምን ያህል ተራርቆ?

ዕድሜም አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1939 አውስትራሊያ ውስጥ ሜልቦርን ከተማ ውኃ የምታገኝባቸውን ተራሮች ታላቅ እሳት በላቸው። ግዙፎቹ የባሕር ዛፍ ዝርያዎች ተቃጠሉና በቦታቸው ወጣት ዛፎች ጥቅጥቅ ብለው በቀሉ። ከሃያ አምስትና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከእነዚያ ተራሮች የሚወርደው ውኃ ከበፊቱ ወደ ግማሽ ገደማ ወርዶ ነበር። ወጣቱ ደን እያደገ ነበርና ይጠጣል። አሮጌው ደን የሰጠውን ያህል ለመስጠት ከመቶ ዓመት በላይ ይፈልጋል። ሁለቱንም «ደን» እንላቸዋለን፤ ቃሉ ራሱ ነው የሚያታልለን።

ወዳጄን ግን ሙሉ በሙሉ አልረታሁትም፤ ምክንያቱም ከቅጠሉ የወጣው ውኃ ጠፍቶ አይቀርም። ብራዚላዊው ተመራማሪ ኤኔያስ ሳላቲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከአማዞን ምሥራቅ እስከ ምዕራብ የዘነበውን ውኃ አይሶቶፕ፣ ማለትም በውኃው ውስጥ ያሉትን ቀላልና ከባድ አቶሞች መጠን፣ እያነጻጸረ አጠና። ከውቅያኖስ የሚመጣው እርጥበት ዘንቦ፣ ደኑ ተንፍሶት፣ እንደገና ዘንቦ፣ እንደገና ተነፍሶ ወደ ውስጥ እንደሚዘልቅ አሳየ። ደኑ ዝናቡን እየተቀባበለ ያሻግረዋል። አሁን ይህን ጉዞ «የሚበር ወንዝ» ይሉታል። በአንድ ሸለቆ ብቻ ለሚኖር ሰው ግን ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው፤ የእሱ ዛፍ የጠጣው ውኃ የሚዘንበው በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በሌላ ሰው ማሳ ነው። የተፋሰስ ካርታ የመሬቱን ወንዝ ያሳያል፤ የሰማዩን የሚሥል ብዙ አላየሁም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የአየር ንብረቱ ባለበት ቢቆም ነበር። አልቆመም።

አየር በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ሊይዘው የሚችለው እርጥበት በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህ ማለት ሲዘንብ አብዝቶ ይዘንባል፤ በማይዘንብበት ጊዜ ደግሞ አየሩ ይጠማል፣ ከአፈሩም ከቅጠሉም ይመጥጣል። በሌላ በኩል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ቅጠሉ ቀዳዳዎቹን በሰፊው መክፈት አያስፈልገውም፤ ያነሰ ውኃ ከፍሎ ያንኑ ይገዛል። ደስ የሚል ዜና ይመስላል። ነገር ግን ያው ጋዝ ቅጠሉን ያበዛዋል፤ ሙቀቱም የእድገቱን ወራት ያረዝመዋል። ቁጠባውንና ብክነቱን የሚያስታርቃቸው ቦታው ነው፤ ለሁሉም የሚሠራ አንድ መልስ ያለው ሰው ከመጣ እኔ እጠራጠረዋለሁ።

ካሊፎርኒያን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2016 በቆየው ድርቅ ከ100 ሚሊዮን በላይ ዛፎች ሞቱ። በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ዛፎቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጥልቅ አፈር ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ እያወጡ ቆዩ፤ ከባንክ ቁጠባ እንደሚያወጣ ሰው። በሦስተኛው፣ በአራተኛው ዓመት ቁጠባው አለቀ። ለመቶ ዓመት ያህል እያንዳንዱ እሳት ሲጠፋ ስለኖረ ደኑ ከወትሮው ጥቅጥቅ ብሎ ነበር፤ ከአንድ ሒሳብ የሚያወጡት ብዙ ነበሩ። በደግነት የተደረገ ነገር ነው፤ እሳት ማጥፋት ማን ይጠላል?

እሳቱ ሲመጣ ደግሞ በሌላ መንገድ ውኃውን ይነካዋል። ኃይለኛ ቃጠሎ ከቅጠላ ቅጠሉ ሰም መሰል ነገር ያወጣና አፈሩ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ አፈሩም ውኃ አላስገባ ይላል። ወንፊቱ ሳህን ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ኮሎራዶ ውስጥ ሄይማን የተባለው እሳት የዴንቨር ከተማ ውኃ የሚጠራቀምበትን የቺዝማን ግድብ ዙሪያ አቃጠለ። ቀጥሎ የመጣው ዝናብ አመድና ደለል ይዞ ወደ ግድቡ ወረደ።

ወደ ፌስታሌ ልመለስ። ዝናቡ ከጠፋ ብዙ ሳምንታት ካለፉ በኋላ፣ በጣም በሞቀ ቀን፣ ያንኑ ቅርንጫፍ ያንኑ ያህል ሰዓት መልሼ አሰርኩት። አየሩ እንዲህ ከተጠማ የሚጠራቀመው ውኃ እጥፍ ይሆናል ብዬ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ስፈታው ፌስታሉ በውስጥ በኩል ጉም ለብሷል፤ በጣቴ ብጠርገው አንድ ጠብታ አልሞላም። ዛፉ ቀዳዳዎቹን ዘግቷል። ውኃ አይወጣም፤ ምግብም አይሠራም። ወዳጄ ጋ ደውዬ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «እስከ መቼ ዘግቶ ይቆያል?» አለኝ።

ከመስኮቴ ሆኜ አያለሁ፤ ከላይ ያሉት ቅጠሎች ጫፋቸው መጠቅለል ጀምሯል።