ምጣዱን የሠራችው ሴትዮ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም። የማወራው ነገር ውስጤ ሲብላላ የከረመ ስለሆነ ብቻዬን ልናገረው ብዬ ነው።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ግንቦት 2017 ዓ.ም. ላይ እዚሁ ዋሽንግተን፣ ከአይሁድ ሙዚየም ደጃፍ፣ ሁለት የእስራኤል ኤምባሲ ሠራተኞች በጥይት ተገደሉ። የተያዘው ሰው «ነጻ ፍልስጤም» እያለ ሲጮኽ ተሰምቷል። በዚያው ሳምንት እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ተፈልቶ ተሰብስበናል። ወሬው ወደዚያ ዞረ። አንዱ «ጽዮናውያን አይደሉ? የእጃቸውን ነው ያገኙት» አለ። የቤቱ እመቤት ደንግጣ «ተው እንጂ! ይሄ እኮ ጸረ ሴማዊነት ነው» አለችው። እሱም «እኔ አማርኛ ተናጋሪ ነኝ፤ አማርኛ ደግሞ ሴማዊ ቋንቋ ነው። እንዴት ብዬ ነው ራሴን የምጠላው?» አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ ነው እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ።

ያን ቀን ልመልስለት ይገባኝ የነበረውን አሁን ልበል። «ሴማዊ» የሚለውን የቋንቋ ምሁራን ዕብራይስጥን፣ ዓረብኛንና ግዕዝን በአንድ ቤተሰብ ለመመደብ ነው የሚጠቀሙበት። «ጸረ ሴማዊነት» የሚለውን ግን እ.ኤ.አ. በ1879 ጀርመን ውስጥ ያስፋፋው ቪልሄልም ማር የሚባል ጋዜጠኛ ነው። ከሃይማኖታቸው ይልቅ በዘራቸው አይሁድን የሚጠላ ማኅበር አቋቁሞ ስሙን በዚህ ቃል ጠራው። ማር ስለ አማርኛ ያሰበው ነገር የለም፤ ስለ ዓረብም የለም። ስለዚህ ቋንቋችን መሸሸጊያ አይሆነንም።

ለነገሩ እኛ ጎንደሬዎች ይህን ጥላቻ ከጀርመን መማር አላስፈለገንም።

ልጅ ሆኜ እምዬ፣ አያቴ ማለቴ ነው፣ ምጣድ ልትገዛ ወለቃ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ወለቃ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ ላይ ነው፤ የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ ማለት ነው፣ መንደር ነበር። ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች፣ ወንዶቹ ቀጥቃጭና ሸማኔ። መንደሩ ልንደርስ ስንል እምዬ ነጠላዋን ፊቴ ላይ ትጥላለች። አንገቴ ላይ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥራ አስራልኛለች። ለምን? «ዓይናቸው ይበላል» ነዋ። ጠይብ ናቸው፣ ቡዳ ናቸው፣ ማታ ጅብ ይሆናሉ ነበር የሚባለው። በነጠላው ቀዳዳ አጮልቄ አያለሁ። ሸክላ ሠሪዋ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። እምዬ ምጣዱን አንስታ በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ትሰማለች፤ ስንጥቅ ካለው ድምፁ ይደፈናል። ብሩን መሬት ላይ ታስቀምጥላታለች፣ እጅ ለእጅ ሳይነካኩ። ከዚያ ቤት ወስዳ በጎመንዘር አሟሽታ፣ ዓመቱን ሙሉ እንጀራ ትጋግርበታለች።

ይህን ሳስበው የሚገርመኝ ምጣዱን አለመፍራታችን ነው። የእጇ ሥራ ያበላናል፤ ዓይኗ ግን ይበላናል ብለን እንሸፈናለን።

ቡዳ የተባለ ሰው ምን አደረገ ተብሎ አይጠየቅም። ልጅ ከታመመ እሱ ነው፣ ላም ከነጠፈች እሱ ነው። ሲያዩት መሬት የለውም፣ ርስት የለውም፤ በስውር ግን ሁሉን ቻይ ነው። እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1903 ሩሲያ ውስጥ የታተመውን፣ «አይሁድ ዓለምን በድብቅ ሊገዙ ተማክረዋል» የሚለውን የፈጠራ ሰነድ ከዚህ አጠገብ አስቀምጡት። ያው ቡዳ ነው፤ ኮትና ከረባት ለብሶ የመጣ። ዛሬ አንድ ሰው «ባንኩንም፣ ሚዲያውንም፣ ጦርነቱንም የሚያሽከረክሩት ጽዮናውያን ናቸው» ሲለኝ የእምዬ ነጠላ ፊቴ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል።

ታዲያ ጽዮናዊነትን መቃወም ሁሉ ጥላቻ ነው ወይ? አይደለም። ለእኛ ጽዮን የኅዳር 21 በዓል ናት፣ አክሱም ናት፣ መዝሙር ናት፤ በዚህ የተነሳ ከፖለቲካው ጋር እናምታታዋለን። ፖለቲካው ግን ለአይሁድ በፍልስጤም ምድር የራሳቸው አገር ይኑራቸው የሚለው ነው፤ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1897 በቴዎዶር ሄርዝል ጉባኤ ተደራጀ። በዚያው ዓመት ቪልና ውስጥ «ቡንድ» የተባለ የአይሁድ ሠራተኞች ፓርቲ ተመሠረተ፤ «አገራችን እዚሁ የምንኖርበት ነው» ብሎ ጽዮናዊነትን ተቃወመ። እ.ኤ.አ. በ1917 የባልፎር መግለጫ፣ ብሪታንያ ለአይሁድ በፍልስጤም ብሔራዊ ቤት እንደምትደግፍ ያሳወቀችበት ማለት ነው፣ ሲረቀቅ አጥብቆ የተቃወመው በብሪታንያ ካቢኔ ውስጥ የነበረው ብቸኛ አይሁዳዊ፣ ኤድዊን ሞንታጉ ነው። ይህ ክርክር መጀመሪያም የአይሁድ የቤታቸው ክርክር ነበር። በ1948 ደግሞ ከ700 ሺህ በላይ ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ተፈናቀሉ። የአያቱን ቤት ቁልፍ ይዞ የቀረ ሰው ጽዮናዊነትን እንዲወድ መጠበቅ ግፍ ነው። ጋዛ ውስጥ ልጇን የቀበረች እናት ስታለቅስ «ጸረ ሴማዊ» ብሎ ማፈንም እንደዚያው።

ግን ደግሞ ቃሉ ጭንብል ሆኖ ያውቃል። ፖላንድ እ.ኤ.አ. በ1968 «ጸረ ጽዮናዊ» ዘመቻ ከፍታ ከ13 ሺህ የማያንሱ አይሁድ አገር ጥለው ወጡ፤ ብዙዎቹ ጽዮናዊነትን ደግፈው የማያውቁ ነበሩ። በእኛም አገር በደርግ ጊዜ ጎንደር ውስጥ ዕብራይስጥ የሚያስተምሩ ሰዎች «የጽዮናውያን ሰላይ» ተብለው ታሰሩ፣ ተገረፉ። ትናንት ቡዳ፣ ዛሬ ሰላይ! ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተቀየረው ስሙ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 1975 የተባበሩት መንግሥታት «ጽዮናዊነት የዘረኝነት ዓይነት ነው» ብሎ በ72 ለ35 ድምፅ ወሰነ፤ ኢትዮጵያ ድምፀ ተአቅቦ ካደረጉት 32 አገሮች አንዷ ነበረች። ውሳኔው በ1991 ተሻረ። በዚያው በ1975 ነው የእስራኤል መንግሥት ቤተ እስራኤልን «የመመለስ ሕግ» በሚባለው፣ አይሁድ እስራኤል ገብተው ዜጋ እንዲሆኑ በሚፈቅደው ሕግ የተቀበላቸው። ኒውዮርክ ላይ ዘረኝነት የተባለው፣ ወለቃ ላይ ከቡዳነት መውጫ በር ነበር። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ያቅተኛል፤ አንዱን ልጣል ብልም አልችልም።

ደግሞ በሩን አልፈው የገቡት ምን ገጠማቸው? እ.ኤ.አ. በ1996 እስራኤል ውስጥ ከኢትዮጵያውያን የተለገሰ ደም በሽታን በመፍራት በስውር ሲጣል እንደኖረ ተጋለጠ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አደባባይ ወጡ። ደማቸው ውስጥ የማይታይ ጉዳት አለ ተባለ እኮ! እዚያም ደረሰባቸው። ይህን ስናገር እስራኤልን ጠላህ የሚለኝ ካለ፣ የሚናገሩት ልጆቿ ራሳቸው ናቸው።

ጸረ ሴማዊነት ምንድን ነው በሚለው ትርጉም ላይ በየዩኒቨርሲቲው የሚደረገውን ሙግት፣ እ.ኤ.አ. የ2016ቱን የዓለም አቀፉን የሆሎኮስት መታሰቢያ ኅብረት ትርጉምና የ2021ዱን የኢየሩሳሌም መግለጫ ማለቴ ነው፣ አንብቤዋለሁ። ይጠቅማሉ። እኔ ግን ቡና ላይ ለዚያ ወንድሜ የምለው ይህን ብቻ ነበር፤ እነዚያ የተገደሉት ሁለት ሰዎች ምን አድርገው ነው? ስማቸውንስ ታውቃለህ?

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተሳፈረ። ወለቃ ባዶ ቀረ። በቀጣዩ ክረምት የእምዬ ምጣድ ተሰነጠቀ። ከገበያ ሌላ ገዛች፤ አልበጅ አላት፣ እንጀራው እየያዘ አስቸገራት። «እጃቸው የተባረከ ነበር» አለች፣ ስብርባሪውን ጓሮ እየጣለች። «እምዬ፣ ያቺ ሴትዮ ማን ነበር ስሟ?» አልኳት። ቆም አለች። ሃያ ዓመት ከእሷ ነው የገዛችው።

«ጠይቄያት አላውቅም» አለችኝ።