ባሌስትራ ያላት ኮርቬት

እሺ፣ ገባ መሰለኝ። የባጃጅ ጩኸት ከሰማችሁ ቻሉት፣ አጂፕ ሰፈር ነኝ።

ዛሬ ስለ ቪትዟ መኪናዬ አላወራም፣ ተገላገላችሁ። ማለቴ፣ ትንሽ አወራለሁ። ጋራዥ የወሰደችኝ እሷው ናት።

መካኒኩ ጋሼ የፊቷን ጥግ ሁለቴ ጫን ጫን አድርጎ ለቀቃት። አንዴ ብድግ ብላ መርጋት ነበረባት። እሷ እቴ፣ እስክስታ! "ሾኩ አልቋል" አለኝ፣ ያ ነጠራዋን የሚያበርደው ማለት ነው። እስኪፈታው እየጠበቅኩ ስልኬ ላይ የኮርቬትን፣ የአሜሪካኗን የስፖርት መኪና፣ ሆድ አሳየሁት። ሲ ስድስቷን፣ ስድስተኛውን ትውልድ ማለት ነው፣ ዜድ አር ዋን የሚሏትን። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ግሪስ በነካው ጣቱ ፎቶውን አጎላው። "ይሄማ ባሌስትራ ነው!" ሳቁ እስከ በሩ ተሰማ። ባሌስትራ ያው የጭነት መኪና ስር ያለው ዝርግ የብረት ስፕሪንግ ነው። እሱ ደግሞ አይሱዙ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፣ አይፈረድበትም።

እውነቱን ነው። ብረት አይደለም እንጂ፣ ፋይበርግላስ ነው፣ ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ በአግድም የተዘረጋ። እስከ ሲ ሰባት አልለቀቁትም። በፈረንጆቹ የ2020ዋ ሲ ስምንት ስትመጣ ሞተሩ ከሹፌሩ ጀርባ ሄደ፣ በአራቱም ጎማ ሞላ፣ ጥምዝምዙ ስፕሪንግ፣ ገባ።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። ይቺ ባለ ባሌስትራ በፈረንጆቹ 2008 ኑርቡርግሪንግን፣ የጀርመኑን የውድድር መንገድ፣ በ7 ደቂቃ ከ26.4 ሰከንድ ዞረች፣ በ2011 ደግሞ በ7 ደቂቃ ከ19.63 አልኩት። ቁልፉን አስቀመጠ።

"ባሌስትራውን ቀየሩት?"
"አይ።"
"ታዲያ 7 ሰከንዱን ከየት አመጡት?"
"ጎማው ተቀየረ። መንሸራተት የሚቆጣጠረው ኮምፒውተርም ተጨመረ።"
"ጎማ" አለ። ኮምፒውተሩን ዘለለው። "ታዲያ አንተ ሾክ ሾክ የምትለው ምንህን ነው?"

በቃ፣ ይሄው ነው። ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ምንህን ነው ያለው ስለ ኮርቬቷ ነው? ወይስ የኔን ጎማ አይቶ ነው? ዝቅ ብሎ ሲያያት አይቼዋለሁ እኮ!

ሾክ ምንም አይሠራም እያልኩ አይደለም። የዚያችው ዜድ አር ዋን ሾክ ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ አለበት፣ ኤሌክትሪክ ሲለቁበት ወዲያው ይጠጥራል። ይሄ ቀልድ አይደለም። ግን አዲስ ትውልድ በመጣ ቁጥር አዲስ ጎማ ይዞ ይመጣል፣ እኛ ደግሞ ሰዓቱን አይተን "ሰስፔንሽኑን አየህ?" እንላለን፣ ሞላና ሾኩን ማለታችን ነው። ሲ ስምንት ላይ ዜድ ፊፍቲ ዋን የሚባለውን ፓኬጅ ብታዙ እንኳ ጠንካራ ሞላ ብቻውን አይመጣም፣ ትልልቅ ፍሬንና የበጋ ጎማ አብሮ ይመጣል። የቱ ለየትኛው ሰከንድ እንደሠራ ማን ይለየዋል? የ2008ን ጎማ ለሲ ስምንት አልብሶ የሚያስነዳኝ ሰው ካለ ጂሬን ኮረብታ ድረስ በእግሬ እወጣለሁ። እሺ፣ እስከ ግማሹ።

ደግሞ እኮ ባሌስትራው መጥፎ ስለሆነ አልተጣለም መሰለኝ... ሞተሩ ቦታ ሲቀይር ቦታው ጠበበ ይሆናል። ወይ ገዢው አፈረበት። አላውቅም፣ ይሄን የምለው ስለምወዳት ሊሆን ይችላል።

ሾኩን ልግዛ ወይስ ጎማውን? ሁለቱን አንድ ላይ ኪሴ አይችልም። ጋሼን ብጠይቀው ደግሞ ያንን ሳቁን... ኧረ ሲ ሰባትን ሳላነሳ! እሷ እኮ ያው ባሌስትራ ይዛ፣ ግን ጎማዋ... ቆይ፣ እሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው...