ትንሿ ኮምፒውተር ለምን ትጮኻለች?

[ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ዴስክቶፕ። የፋን ጩኸት ብቻ ይሰማል።]

እስቲ ይህን ድምፅ ስሙት። ከመዳፍ ብዙም የማትሰፋ ኮምፒውተር ናት፤ ጩኸቷ ግን የፀጉር ማድረቂያ ያስንቃል። የተከፈተው አንድ የጽሑፍ ፋይል ብቻ ነው። አዲስ ሳለች መብራቷን ካላዩ በቀር መሥራቷ እንኳ አይታወቅም ነበር።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ "ፋኑ ተበላሽቷል" ብሎ ይደመድማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፋኑ ጤነኛ ነው። የሚጮኸው ሥራ በዝቶበት ነው፤ ሥራ ያበዛበት ነገር ደግሞ ከውጭ አይታይም። ከፍተን እናየዋለን።

ከመክፈታችን በፊት ግን፣ ሙቀቱ ከየት ይመጣል? ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሯን ስሌት የሚሠራው ቺፕ፣ የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል መጨረሻው ሙቀት ነው። 65 ዋት የሚበላ ፕሮሰሰር 65 ዋት ሙቀት ያወጣል፤ ያውም ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም ከማይበልጥ ቁራጭ ላይ። ሙቀቱ በቴርማል ፔስቱ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ላይ በሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ አልፎ ወደ መዳብ፣ ከመዳቡ ወደ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች፣ ከቅጠሎቹ ወደ አየር ይሸሻል። አስቸጋሪዋ የመጨረሻዋ እርምጃ ናት። ብረት ሙቀትን በቀላሉ ያስተላልፋል፣ አየር ግን ሰነፍ ነው፤ ካልገፉት አይሸከምም። ፋን ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

[ሁለት ፋኖች ጎን ለጎን፤ አንዱ 120፣ ሌላው 40 ሚሊ ሜትር።]

በትልቅ ሳጥን ውስጥ ግራ በኩል ያለው ይገባል። በጣም ጠባብ በሆኑት ውስጥ ደግሞ የቀኙ። ስፋታቸውን ብታሰሉት ትልቁ የትንሹን 9 እጥፍ ነው። ትንሹ ያንኑ ያህል አየር ለማንቀሳቀስ መክነፍ አለበት፤ መክነፍ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። የአንድን ፋን ፍጥነት እጥፍ ብታደርጉት የሚገፋው አየር እጥፍ ይሆናል፣ የሚበላው ኃይል 8 እጥፍ፣ ጩኸቱ ደግሞ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። ለጆሯችን 10 ዴሲቤል ብቻውን ድምፁ እጥፍ የሆነ ያህል ነው። ሂሳቡ ወደ ታችም ይሠራል፤ ፍጥነቱ ትንሽ ሲወርድ ጩኸቱ ብዙ ይወርዳል። ይህችን ያዙልኝ።

በነገራችን ላይ፣ አፕል እ.ኤ.አ. በ2000 ፓወር ማክ ጂ4 ኪዩብ የተባለች ፋን የሌላት ኮምፒውተር አውጥቶ ነበር። አየሩ ከሥር ይገባል፣ ይሞቃል፣ በራሱ ጊዜ በአናቷ ይወጣል። በ2001 ማምረቱን አቆመ። እኔ ግን ሐሳቡን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

[ክዳኑ ይነሳል።]

አሁን ወደ ገበናዋ። የፋኑ ክንፎች ጠርዝ ላይ ግራጫ አቧራ ይታያችኋል። ብዙ ሰው ይህን በጨርቅ ጠርጎ፣ ቀዳዳዎቹን እፍ ብሎ ይዘጋዋል፤ ጩኸቱም እንደነበረ ይቀጥላል። ቆዩ። ፋኑን የያዙትን ብሎኖች ፍቱና ራሱን ፋኑን አንሱት።

[በፋኑና በቅጠሎቹ መካከል ያለው የአቧራ ምንጣፍ በቅርበት።]

ይኸውላችሁ። አቧራ እንኳ ማለት ይከብዳል፤ ልባድ ነው። መጀመሪያ የልብስ ቃጫና ፀጉር በቅጠሎቹ ጠርዝ ላይ ተጋድሞ ይቀራል፤ ከዚያ ደቃቁ አቧራ ቃጫው ላይ ይያዛል፤ ያም ሌላውን ይይዛል። ባለቤቱ ሳያስበው ማጣሪያ ሠርቷል ማለት ነው። "እንደ ብርድ ልብስ ስለሚሸፍነው ነው የሚሞቀው" ሲባል እሰማለሁ። በእኔ እይታ ዋናው ጉዳት መሸፈኑ ሳይሆን መንገዱን መዝጋቱ ነው። ፋኑ አለ፣ ቅጠሎቹም አሉ፤ በመካከላቸው ግን አየር አያልፍም።

ከዚያ በኋላ ያለው ክብ ውስጥ መሮጥ ነው። ፕሮሰሰሩ ይሞቃል፣ ፕሮሰሰሩ የተሰካበት ዋናው ቦርድ ፋኑን ያፈጥነዋል፣ የፈጠነው ፋን ተጨማሪ አቧራ ይስባል፣ ምንጣፉ ይወፍራል። ሙቀቱ 95 ወይም 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። "ኮምፒውተሬ አርጅቷል፣ ተንቀራፈፈ" የሚባለው አንዳንዴ ይኸው ነው።

ማጽዳቱ ከባድ አይደለም። አጥፉ፣ ከሶኬት ንቀሉ። ምንጣፉን በእጅ ወይም በለስላሳ ብሩሽ አንሱ፤ የቀረውን በቆርቆሮ በሚሸጥ የታመቀ አየር ከመውጫው በኩል ወደ ውስጥ፣ ማለትም በመጣበት አቅጣጫ ንፉት። ቆርቆሮውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ካዘነበላችሁት ፈሳሹ ይወጣል። ፋኑን ስትነፉት ደግሞ ክንፉን በጣት ያዙት። ሲሽከረከር ማየት ደስ ይላል፣ እኔም አድርጌዋለሁ፤ ግን ከአቅሙ በላይ ከፈጠነ መሽከርከሪያው ሊጎዳ ይችላል። ቴርማል ፔስቱን አትንኩት። የብረት ማቀዝቀዣውን ከፕሮሰሰሩ ካላቀቃችሁ ግን አሮጌውን ጠርጋችሁ አዲስ መቀባት ግዴታ ነው።

ከጸዳ በኋላም የሚያንቋርር ወይም የሚንኳኳ ፋን መሽከርከሪያው አልቋል፤ ቀይሩት። ገጽ ወደ ታች ስታንሸራትቱ አብሮ የሚቀያየር ቀጭን ሲርታ ከሰማችሁ ደግሞ ፋን አይደለም፤ የቦርዱ የሽቦ ጥቅልሎች ናቸው፤ ያናድዳል እንጂ አይጎዳም።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ። በብዙ ማሽኖች ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ በሚነሳው የቅንብር ፕሮግራም ውስጥ፣ ፋኑ በየትኛው ሙቀት ምን ያህል እንደሚፈጥን ማስተካከል ይቻላል። ሰውን የሚያሰለቸው ብዙ ጊዜ የድምፁ መጠን ሳይሆን ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው፤ አንድ ገጽ ሲከፈት ይጮኻል፣ ወዲያው ይተወዋል። ፋኑ ለአፍታ ሙቀት እንዳይደነግጥ የጥቂት ሰከንድ መዘግየት ስጡት፣ ፍጥነቱንም ትንሽ አውርዱት። ይህን ግን ሳታጸዱ አትሞክሩት፤ አፉን መያዝ ይሆናል።

አቀማመጥም አለ። ብዙዎቹ ትናንሾች አየር የሚስቡት ከሆዳቸው ነው። በ2024 የወጣው ማክ ሚኒ እንዲያውም የሚስበውም የሚተፋውም ከሥሩ ነው። እንዲህ ያለችውን ምንጣፍ ወይም አልጋ ላይ ማስቀመጥ አፍንጫዋን መድፈን ነው።

[ክዳኑ ይገጠማል፤ ኮምፒውተሯ ትበራለች።]

እጃችሁን አየሩ በሚወጣበት በኩል አድርጉ። ቅድም ፋኑ እያገሳ ከዚህ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። አሁን ፋኑ አይሰማም፣ አየሩ ግን ይመጣል፤ ሞቅ ያለ፣ ሳይቆራረጥ።