የቱ ጋ ነው?

እንደምን ከረማችሁ። የጎረቤቴ አውራ ዶሮ ዛሬም አለ። ከጮኸ እንደተለመደው ድምፁን ከቅጂው ላይ አልቆርጠውም።

ስለ አንድ የድሮ የፖላንድ ጋዜጣ ማሰብ አልተውኩም። ናሽ ፕሼግሎንድ፣ «የእኛ ቅኝት» እንደማለት ነው። በፈረንጆቹ ከ1923 ጀምሮ ዋርሶ ላይ በየቀኑ ይወጣ ነበር። አዘጋጆቹም አንባቢዎቹም አይሁዶች፣ ቋንቋው ፖላንድኛ። በዪዲሽ፣ በአይሁዶቹ ቋንቋ፣ የሚታተሙ ሌሎች ነበሩ። ይሄ ፖላንድኛ ለሚቀናቸው ነው። እሱ ራሱ ስንት ያስወራል... ይቆየን።

ዓርብ ዓርብ አብሮት የልጆች ጋዜጣ ይወጣል። ማዊ ፕሼግሎንድ፣ ትንሹ ቅኝት። ኮርቻክ ነው በ1926 የጀመረው፤ አዎ፣ ያ የማወራላችሁ፣ ዋርሶ ውስጥ የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ይመራ የነበረው ሐኪም። ጸሐፊዎቹ ልጆች ናቸው። ሲጀምር ምን አለ? ሦስት አዘጋጅ ይኖራል። አንዱ ሽማግሌ፣ ራሰ በራ፣ ባለ መነጽር፤ ነገር እንዳይዝረከረክ። ሌሎቹ አንድ ወንድ ልጅና አንዲት ሴት ልጅ። መጻፍ ያቃተው ደግሞ መጥቶ በቃሉ ይናገር፣ ይጻፍለታል።

ይቺን ሳነብ ደነገጥኩ።

አምና ልጄ ለአክስቷ ደብዳቤ አጻፈችኝ። «እመጣለሁ ብለሽ ቀረሽ። ተቀይሜሻለሁ» በይልኝ አለች። እኔ «ናፍቀሽኛል» ብዬ ጻፍኩ። እህቴ እንዳይከፋት ብዬ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። «እስቲ አንብቢልኝ» አለች። አነበብኩላት። የጻፍኩትን አይደለም፣ እሷ ያለችውን። ወረቀቱን ጠጋ ብላ አየችውና፣ «ተቀይሜሻለሁ የሚለው የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

ጣቴን «ናፍቀሽኛል» ላይ አሳረፍኩ።

እሷም ጣቷን አመጣች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነካቻቸው። ደስ አላት! እኔ እኮ ያኔ ልናገር እችል ነበር። ጣቷ እዚያው እያለ። ምናልባት ትንሽ ነገር ነው። አላውቅም።

ትንሹ ቅኝት ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ነው። ዓርብ ነበር። በዚያው ጠዋት የጀርመን ጦር ፖላንድ ገባ። ትልቁ ጋዜጣም በዚያው ወር ቆመ። ኮርቻክ በ1942 ወደ 200 ከሚጠጉ የማሳደጊያው ልጆች ጋር ትሬብሊንካ ወደሚባለው የናዚዎች የመግደያ ካምፕ ተወሰደ። እኔን ግን ያ ዓርብ ነው የማይለቀኝ። ደብዳቤዋን ልካ፣ ወጥቶልኝ ይሆን ብላ ጋዜጣውን የጠበቀች ልጅ አትጠፋም። የመድፍ ድምፅ እየሰማች ገጹን ትገልጣለች? ቃሏ እንዳለችው ታትሞ ታገኘዋለች?

ዶሮው ጀመረ።

ደብዳቤውን እህቴ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። ለጥምቀት እሷ ቤት ነን። ልጄ ደግሞ ዘንድሮ ፊደል ቆጥራ ጨርሳለች፣ እና...