ብርቅዬ የውኃ ተርቦቻችን ለምን ስጋት ላይ ወደቁ?

[ምስል፦ በጫካ ውስጥ የሚወርድ ጅረት፣ ከፋ]

ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኙ እንስሳትን ጥሩ ብትባሉ ዋልያና ቀይ ቀበሮ ትላላችሁ። የውኃ ተርብን ማንም አያነሳትም። ያሳዝናል፤ በአገራችን ከተመዘገቡት መቶ ገደማ የውኃ ተርብ ዝርያዎች አሥር ያህሉ ሌላ አገር የሉም። ሱዳግሪዮን ካፊነም፣ አቶኮኑራ ኤቲዮፒካ፣ ኖቶጎምፈስ ኮታሬሊ... ስማቸው ለአፍ አይመችም፣ አውቃለሁ። ሦስቱም የሚኖሩት በደጋ ጫካ ወንዞችና ጅረቶች ላይ ነው። የሦስቱም መኖሪያ እየጠበበ ነው።

[ምስል፦ የደጋው ካርታ]

ለመሆኑ ስጋት ላይ መሆናቸው በምን ይታወቃል? ነፍሳትን አንድ በአንድ ማን ይቆጥራል? ስለዚህ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በዋናነት የሚያየው ቦታውን ነው። ዝርያው የተሰራጨበት ስፋት ከ20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ካነሰ፣ መኖሪያው ከተቆራረጠና እየተበላሸ ከሄደ፣ ለአደጋ የተጋለጠ ተብሎ ቀይ መዝገብ በሚባለው የኅብረቱ የዝርያዎች ዝርዝር ላይ ይሰፍራል። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ያሉትን 6,016 የውኃ ተርብ ዝርያዎች መዝኖ 16 በመቶው ስጋት ላይ መሆናቸውን ገልጿል።

[ምስል፦ እጭ ውኃ ውስጥ]

ዋናው ጣጣ ውኃው ውስጥ ነው ያለው። ስትበር የምናያት የዕድሜዋ ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት እጭ ሆና፣ ድንጋይ ሥር ተደብቃ፣ ትናንሽ ነፍሳትን እያደነች ታድጋለች። የምትተነፍሰውም ውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ነው። ወንዝ ዳር ያለው ዛፍ ሲቆረጥ ፀሐይ ውኃውን ታሞቀዋለች፤ የሞቀ ውኃ ደግሞ ብዙ ኦክስጅን አይይዝም። አፈሩም ታጥቦ ይገባና የድንጋዩን ሥር ይደፍነዋል።

ቡናን ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። በጫካ ጥላ ሥር የሚለማ ቡና ዛፉን ስለሚያቆይ ለጅረቱ ባለውለታ ነው። የእሸት ቡና ማጠቢያው ነገር ግን ሌላ ነው። ስኳር የበዛበት ፍሳሹ ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ ባክቴሪያ ይራባበትና ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ጊዜውም አይመችም፤ ቡና የሚታጠበው ዝናቡ ቆሞ ጅረቱ በሚቀንስበት ወቅት ነው። ከፋ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ፣ ማለትም ሰው እየኖረበት ተፈጥሮው የሚጠበቅበት ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ጥሩ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ለውኃ ተርቧ ፈጥኖ የሚደርስላት የፍሳሽ ማቆያ ጉድጓድና ወንዝ ዳር ሳይነካ የተተወ ዛፍ ነው።

ደጋ ጅረት ዳር ካያችኋት ፎቶ አንሱና አይናቹራሊስት በተባለው የዕፅዋትና የእንስሳት ፎቶ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ጫኑት። ቦታውንና ቀኑን ጻፉ፤ ያለ እነሱ ፎቶው ለጥናት ብዙም አይጠቅምም። ክንፏን ጀርባዋ ላይ አጥፋ ያረፈች ቀጭን ካገኛችሁ የሱዳግሪዮን ወገን ልትሆን ትችላለች፤ ከላይም ከጎንም አንሷት።